ክሩዝ ከነቤተሰብ፦ በጥምቀት ማግስት፣ መስኮት በሌለው ክፍል

ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ላይ እያደሩ መጓዝ፣ የሀብታም መዝናኛ ነው የሚሉ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። እኛ እናቴን ጨምሮ አምስት ሆነን ከባልቲሞር ተነስተን በመርከብ ባሃማስ ሄደን መጣን። ሰባት ሌሊት ነው። የከፈልነው በበጋ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተን ከምናወጣው ያነሰ ነው። ያነሰው ግን ዝም ብሎ አይደለም። ወቅቱንና ክፍሉን አጥብቀን ስለመረጥን ነው።

ወቅቱን ላስቀድም። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመርከብ ዋጋ አይቀመስም። ጁላይ፣ የገና ሳምንት፣ የጸደይ ዕረፍት፣ ሁሉም እሳት ነው። የሚረክሰው ልጆች ክፍል ሲገቡ ነው፤ ሴፕቴምበር፣ ከታንክስጊቪንግ በኋላ ያለው የዲሴምበር መጀመሪያ፣ ከዚያም ጃንዋሪ።

ሴፕቴምበር የአውሎ ነፋስ ወር ነው። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚበረታው ሴፕቴምበር አካባቢ ነው። መርከቡ ከአውሎው ይሸሻል፣ ስለዚህ ለሕይወት አልፈራሁም። ግን መንገዱን ሊቀይር ይችላል፤ የቲኬቱ ውልም ይፈቅድለታል። ባሃማስ ብለው የተነሱ ሰዎች ሌላ ወደብ ይገኛሉ። ዲሴምበር መጀመሪያ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። እናቴ ጾሟን አትለቅም፤ እኔም እሷ እየጾመች ፊቷ ሰባት ቀን ሙሉ ሥጋ እንዲደረደር አልፈለግኩም። ስለዚህ ገናንም ጥምቀትንም በቤተ ክርስቲያናችን አክብረን በጃንዋሪ መጨረሻ ሄድን። ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቀርቷል፤ ለአስተማሪው ቀድመን ጽፈን የቤት ሥራውን ይዞ ነበር።

ርካሹ ወቅት የራሱ ዋጋ አለው። ባልቲሞር በጃንዋሪ ይበርዳል። መጀመሪያ ረጅሙን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በጸጥታ ይወርዳሉ። ኖርዝ ካሮላይና ዳርቻ ሲደርሱ ግን ውቅያኖሱ ይናወጣል። ፀሐይና ሙቀት የመጣልን ከዚያ በኋላ ነው፤ ስንመለስም እንደገና ካፖርት ለበስን። ከፍሎሪዳ የሚነሱ መርከቦች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ነገር ግን የአምስት ሰው የአውሮፕላን ቲኬትና የአንድ ሌሊት ሆቴል ሲደመር ሒሳቡ ይፋለሳል። እኛ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ደረስን። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን በጃንዋሪ ፍሎሪዳን ምረጡ።

አሁን ክፍሉ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። የውስጥ ክፍል አለ፤ መስኮት የለውም። መስኮት ያለው አለ። በረንዳ ያለው አለ። ቲኬት የሸጠልን ወኪል በረንዳ ካልያዛችሁ ክሩዝ አይባልም ብሎ ወጥሮን ነበር። አልተስማማሁም። ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ይዞ በረንዳ መያዝ በሩን መጠበቅ ማለት ነው። ቀን ቀን ደግሞ ማንም ክፍል ውስጥ አይውልም።

የማስታወቂያው ዋጋ ለሁለት ሰው ክፍል የተሰላ የነፍስ ወከፍ ዋጋ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይቀንስለታል። ብቻውን የሚይዝ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። እናቴን ለብቻዋ አድርገን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዕዳ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ትልቁን ልጅ ከእሷ ጋር መስኮት ያለው ክፍል አስገባን። እኔና ባለቤቴ ከትንሿ ጋር ኮሪደሩን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለውን የውስጥ ክፍል ያዝን። እናቴ ባሕሩን እያየች ጸሎቷን አደረሰች፤ እኛም ጨለማው ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ ተኛን። ለሕፃን ያ ጨለማ በረከት ነው። ለሽንት ቤት መንገድ የምታበራ ትንሽ መብራት ግን ያዙ።

ከዓይነቱ ይልቅ ቦታው ይበልጣል። ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ከመርከቡ ወገብ አካባቢ፣ መናወጡ ይቀንሳል። በባሕሩ የታወኩት ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው። ከበላያችሁና ከበታቻችሁ ምን እንዳለም የመርከቡ ካርታ ላይ እዩ፤ ሌላ መኝታ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ከመዋኛው ወይም ከቡፌው ሥር ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። ኩባንያው ራሱ ክፍል የሚመድብበት ርካሽ ቲኬትም አለ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ተዉት፤ ሁለቱ ክፍሎች ተራርቀው ሊወጡ ይችላሉ።

ቲፕ፣ ለመርከቡ ሠራተኞች የሚከፈለውን ጉርሻ፣ አትርሱ። እኛ ስንሄድ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር ይታሰብ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ልጅም ይከፍላል። ለአምስት ሰው ሰባት ቀን በ16 ቢሰላ እንኳ 560 ዶላር ነው። የመኪና ማቆሚያ፣ ኢንተርኔትና ለስላሳ ለብቻቸው ናቸው። ሙሉ ክፍያው፣ እንደ ኩባንያው፣ ከጉዞው ብዙ ሳምንታት በፊት ይጠናቀቃል። እስከዚያ ድረስ ዋጋውን እየተከታተሉ፣ ከወረደ ደውሎ ማስቀነስ ይቻላል። እኛም አስቀንሰናል።

ምግቡ ጥሩ ነው፤ ቡናው ግን አይረባም። ምድጃ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጀበናውም ቤት ይቀራል። ቤት የተሠራ ምግብም አይገባም፤ እንጀራውን ቤት ተዉት። ረቡዕና ዓርብ እናቴ መርከቡ ላይ የሚቀርበውን የሕንድ የምስርና የአትክልት ወጥ በልታለች። ቅቤና እርጎ ሊገባበት ስለሚችል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ይሁን ብለን ከዋዜማው ለአስተናጋጁ ነገርነው። አስተናጋጁም በደስታ አዘጋጀልን።

ስለ ወረቀት። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ የአሜሪካ ዜጋ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ሊሄድ ይችላል። ፓስፖርት ግን ይሻላል፤ መንገድ ላይ ታሞ በአውሮፕላን ለመመለስ ያስፈልጋል። ቤተሰባችሁ ውስጥ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚሄድ ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የምትደርሱባቸውን አገሮች ሁሉ ጠቅሳችሁ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙት። ወደቡ ላይ ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ከነሻንጣው ይመለሳል፤ የከፈለውም አይመለስለትም።