ገላን ያለው የከሰል መሰርሰሪያ ወርክሾፕ፦ ቢቱን ግዙ፣ ሮዱን ግን መርምሩ

ከቃሊቲ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው አሮጌው መንገድ፣ ገላን ላይ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ገባ ብሎ አንድ ወርክሾፕ አለ። ለድንጋይ ከሰል ቁፋሮ የሚሆን ቢት (የሚቆርጠው ጫፍ) እና ሮድ (ቢቱን ከመሰርሰሪያው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ይሠራል፣ ያለቀ ቢት ላይ አዲስ ካርባይድ (ስለቱ የሚወጣበት እጅግ ጠንካራ ቁራጭ) ይተክላል፣ ከቻይና የመጣ ዕቃም ይሸጣል። በዚያ መስመር ቶርኖ ያለው ሰው ሞልቷል፤ የከሰል ቢት ምን እንደሚፈልግ ገብቶት የሚሠራ ግን ጥቂት ነው፣ ይህ ቤት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ባለሁለት ክንፍ ቢቱን ያለ ስጋት ግዙ እንላለን። እዚያው የሚበየደውን ጠመዝማዛ ሮድ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አንመክርም።

መጀመሪያ ስለ መሬቱ፣ ምክንያቱም የዕቃው ንድፍ የሚነሳው ከዚያ ነው። የያዩ፣ የደልቢ-ሞዬና የጭልጋ ከሰል የተኛው በባዛልት (በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ በሚባለው) ፍሰቶች መካከል በተከማቸ ደለል ውስጥ ነው። ቆፋሪው ከላይ ጥቁር ድንጋይ ያገኛል፣ ዝቅ ሲል ጭቃማ ድንጋይ፣ ከዚያ ከሰል፣ በከሰሉ መሃል ደግሞ እንደገና የሸክላ ሽፋን። ያልተበላሸ ጥቁር ድንጋይ ጥንካሬው ብዙ ጊዜ ከ100 ሜጋፓስካል ያልፋል፤ ከሰል የዚያን ሩብ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥቁር ድንጋይ በምት ይሰበራል። ከሰል ግን እንጨት በመላጊያ እንደሚላገው እየተላገ ነው የሚወጣው። ለጥቁር ድንጋይ የተሠራውን ባለ ጉብታ ቢት ከሰል ላይ ብታሳርፉት ጉብታው ይሰምጣል፣ ከሰሉን አድቅቆ ዱቄት ያደርገዋል፣ ዱቄቱም ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ብዙ ሱቅ ሁለቱንም «የማዕድን ቢት» ብሎ በአንድ መደርደሪያ ይደረድራቸዋል። እዚህ ቤት ገዢ ሲገባ ከዲያሜትሩ በፊት የሚጠየቀው ድንጋዩ ነው። ናሙና ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ ናሙናውን በብረት ጭረው አይተው ነው የሚመልሱት።

ቢቱ በ38፣ በ40 እና በ42 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ሰውነቱ ከክሮም-ሞሊብዲነም ብረት ነው፤ ሁለት ክንፍ አለው፣ በክንፎቹ መካከል ክፍተት ተትቷል። የንድፉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ቢት ሲሽከረከር ጫፉ ይፈጥናል፣ መሃሉ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። እዚያ መሃል ላይ ካርባይድ ቢኖር ከሰሉን መጨፍለቅ እንጂ መቁረጥ አይችልም፣ ሠራተኛውም በከንቱ ይገፋል። ክፍተት ሲኖር መሃል ላይ ቀጭን የከሰል ዘንግ ይቀራል፣ ትንሽ እንደረዘመ በራሱ ይሰበራል። በትከሻና በክንድ ለሚገፋ መሰርሰሪያ ይህ የሚያተርፈው ጉልበት ቀላል አይደለም።

የካርባይዱ ጀርባ ከስለቱ ወደ ኋላ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘቅዘቅ ብሎ ተስሏል፣ ይህም ትክክል ነው። ጀርባው ካልወረደ ቢቱ በስለቱ መቆሙን ትቶ በጀርባው ይቀመጣል፤ ይፋጫል፣ ይግላል፣ አይገባም። ሠራተኛው የደነዘ መስሎት አብዝቶ ሲገፋ ደግሞ ሮዱ ይጎብጣል። ከዚህ ሌላ ካርባይዱ በየጎኑ ከሰውነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ወጣ ማለት አለበት፤ ቀዳዳውን የሚያሰፋው እሱ ነው፣ ብረቱ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ቀድሞ የሚያልቀውም ይኸው የውጭ ማዕዘን ነው። ስለቱ ገና ደህና ሆኖ ማዕዘኑ ሲዶለዱም 42 የነበረው ቢት ወደ 40 ይወርዳል፤ ቀዳዳው ይጠባል፣ 38 ሚሊ ሜትሩ ጠመዝማዛ ሮድ ግድግዳውን መፋቅ ይጀምራል፣ ሞተሩ ይጨነቃል። ቢቱ ሲሠራ ሲሠራ ድንገት ከበደ የሚል ቅሬታ ስትሰሙ መጀመሪያ ካሊፐር አውጡና ስፋቱን ለኩ።

ካርባይዱ 8 በመቶ ኮባልት ያለው ነው፤ ቻይናዎቹ ዋይጂ 8 የሚሉት ማለት ነው። ኮባልቱ ወደ 6 ሲወርድ ካርባይዱ ይጠነክራል፣ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከሰሉ ውስጥ የተቀበረ ጠንካራ እንክብል ሲያጋጥመው ጫፉ ይረግፋል። ወደ 11 ሲወጣ ምት ይችላል፣ በምትኩ ቶሎ ይበላል። ለንጹሕ ከሰልና ለጭቃማ ድንጋይ 8 ይበቃል። ከሰላችሁ መሃል ጠንካራ ሽፋን የሚደጋገም ከሆነ 11ዱን ጠይቁ፣ አላቸው።

አሁን ወደ ብየዳው። ካርባይድ ሲሞቅ የሚለጠጠው የብረትን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በጋለ ነሐስ ተያይዘው ሲቀዘቅዙ ብረቱ አብዝቶ ይሰበሰብና ካርባይዱን ይጨምቀዋል። በፍጥነት ከቀዘቀዘ ካርባይዱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ያን ዕለት ላይታይ ይችላል፣ ሥራ ላይ ግን ይወጣል። ወርክሾፑ የካርባይዱን ማረፊያ በግራይንደር ያጸዳል፣ ነሐሱ እንዲይዝ የሚረዳውን ቦራክስ ይቀባል፣ በካርባይዱና በብረቱ መካከል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ትቶ ነሐሱን ያስገባል፣ ከዚያ ቢቱን ደረቅ ኖራ በሞላበት ሳጥን ቀብሮ ያሳድራል። ያለቀውን ቢት ብርሃን ላይ አዙራችሁ ስታዩት በካርባይዱ ዙሪያ ቀጭን ቢጫ መስመር ሳይቋረጥ ይታያል። መስመሩ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ ነሐሱ እዚያ አልደረሰም ማለት ነውና አትቀበሉት። ካየናቸው መካከል ነጥብ የነበረባቸው ጥቂት ናቸው፣ ሲመለሱላቸውም ያለ ክርክር ቀይረዋል።

ካርባይዱ ሥራ ላይ ከወለቀ የወለቀበትን ቦታ ሳታጸዱ ይዛችሁ ሂዱ። ነሐሱ በሙሉ ብረቱ ላይ ቀርቶ ካርባይዱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የበያጁ ነው፤ ካርባይዱ በደንብ አልጸዳም ወይም ቦራክሱ አልደረሰውም። ካርባይዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ከቦታው ካልተነሳ ግን ወይ ሲበየድ ቶሎ ቀዝቅዟል፣ ወይ ቢቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል። በሰፈሩ ካርባይድን በኤሌክትሮድ የሚያስይዙ አሉ፤ ዋጋው ስለረከሰ አትታለሉ፣ በዚያ ሙቀት ካርባይዱ ይሰነጠቃል።

ስለት ማውጣት በየሥራ ቦታው የሚደረግ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር እናንሳ። ተራው ግራጫ ድንጋይ ካርባይድን አይስልም፣ ያግለዋል እንጂ። አረንጓዴው የሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ድንጋይ ነው የሚያስፈልገው። የጋለ ካርባይድ ውሃ ውስጥ አይነከርም። የሚወጣው ብናኝ ኮባልት ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ ወርክሾፑ ውስጥ የሚስሉት ልጆች ያለ ማስክ ሲሠሩ ማየታችን አሳስቦናል፣ አሠሪው ዛሬውኑ ሊያስተካክለው ይገባል።

ሮዱ ላይ ስንደርስ አስተያየታችን ይለወጣል። ከውጭ የሚመጣው ጠመዝማዛ ሮድ ቢቆረጥ ፊቱ ሰያፍ ባለአራት ማዕዘን የሚሆን ብረት ጋለ ብሎ የተጠመዘዘ ነው፤ ብየዳ የለበትም። እዚህ የሚሠራው ግን ክብ ዘንግ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ተጠምጥሞ ይበየዳል። ብየዳው ለዓይን ያማረ ነው። ችግሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው፦ ወደ ሞተሩ በኩል፣ ከጅራቱ አጠገብ ድንገት ይቆማል። ማጣመሙም ማዞሩም በርትቶ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ደግሞ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ደርቋል። ስንጥቁ ከዚያ ይነሳል፣ ዘንጉን ይዞራል፣ ሮዱም ይቆረጣል። የቀረው ክፍል ከነቢቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። የተቆረጠውን ፊት ብታዩት አንዱ ወገን ለስላሳና ዝገት የነካው ነው፣ ሌላው ሻካራና አዲስ። ለስላሳው ስንጥቁ ቀስ እያለ የሄደበት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊታይ ይችል ነበር። ሮዱን በየፈረቃው መጨረሻ ጠርጋችሁ ጅራቱን በእጅ መብራት እዩት።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። የጠፍጣፋው ብረት ጫፍ ቀስ እያለ ቀጥኖ ማለቅ አለበት፣ ብየዳው ከጅራቱ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ዘንጉ ከብየዳ በፊት ይሙቅ፣ ከብየዳ በኋላ በኖራ ይቀዝቅዝ። ለቢቱ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለሮዱ ቢያደርጉት ዕቃው ሌላ ዕቃ ይሆን ነበር። ዱቄቱን ከቀዳዳው የሚያወጣው ጥምዝምዝም ጠባብ ነው። በበጋ ደረቅ ከሰል ላይ ይሠራል፤ በክረምት ግን እርጥብ ሸክላ በጥምዝምዙ መካከል ይጠቀጠቅና ሮዱ ድፍን ዘንግ ይሆናል። ለደቡብ ምዕራብ ዝናብ ሰፋ ያለው ይሻላል። ያለውን የምትጠቀሙ ከሆነ በየ30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትሩ እያዞራችሁ ሳብ አድርጋችሁ አራግፉ፤ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ማዞሩን አታቁሙ።

ለጥቁር ድንጋዩ በአየር ለሚሠራው የእጅ መሰርሰሪያ 22 ሚሊ ሜትር ባለስድስት ማዕዘን ሮድና ባለ ጉብታ ቢት ይሸጣሉ። ዕቃው ደህና ነው፣ አቀማመጡ ግን ሰው ያሳስታል። የቢቱና የሮዱ መጋጠሚያ ሾጣጣ ነው፤ 7፣ 11 ወይም 12 ዲግሪ ይሆናል፣ ሱቁ ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ካርቶን ውስጥ ተቀላቅለዋል። የ11ና የ12 ልዩነት በዓይን አይለይም። ያለ አቻው የተጋጠመ ቢት ሮዱን የሚነካው በጠባብ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ይግላል፣ ቀሚሱ (ሮዱን የሚያቅፈው የቢቱ ክፍል) ይሰነጠቃል፣ ወይም ቀዳዳ ውስጥ ወልቆ ይቀራል። ስትገዙ የሮዱን ሾጣጣ ጠመኔ ቀቡ፣ ቢቱን ገፋ አድርጋችሁ አንዴ አዙሩና አውጡት፤ ጠመኔው ከላይ እስከ ታች እኩል ከተነሳ ይስማማሉ። የሮዱ ጅራት ጫፍም ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጡ፤ የተዶለዶመ ጅራት የመሰርሰሪያውን ፒስተን ይሸርፋል፣ ፒስተኑ ደግሞ ከሮድ እጅግ ይወደዳል። ጉብታው ላይ የሚወጣው ጠፍጣፋ የጉብታውን ስፋት ሲሶ ሲደርስ ይሳል፤ ከዚያ ካለፈ ቢቱ መስበሩን ትቶ መፍጨት ይጀምራል።

አልማዝ የተለበጠ ቢትም አላቸው። ለከሰልና ለጭቃማ ድንጋይ ዕድሜው ከካርባይድ ይረዝማል፣ ምት ግን አይችልም፤ ጥቁር ድንጋይ ሲነካ ይላጣል። የአልማዙ ሽፋን ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚበላሽ በተራ የኦክስጅን ነበልባል መልሶ መትከል አይቻልም። ወርክሾፑ ይህን ሥራ አልቀበልም ማለቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የከሰል መሰርሰሪያ የምትገዙ ከሆነ የሞተሩን ሰሌዳ ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ። ከሚሸጡት ባለ 1.2 ኪሎ ዋቶች መካከል ለቻይና የመሬት ውስጥ ማዕድን የተሠሩ፣ በ127 ቮልት ባለሦስት ፌዝ የሚሠሩ አሉ፤ ከእኛ 380 ቮልት ጋር ያለ ትራንስፎርመር አይገናኙም። ሻጩ ይህን ሳይጠየቅ መናገር ነበረበት፣ አይናገርም። መሬት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሞተሩም ማብሪያ ማጥፊያውም ብልጭታ ወደ ውጭ የማያወጣ፣ ፍንዳታ የሚቋቋም ዓይነት መሆን አለበት፤ ከከሰል የሚወጣው ሜቴን ጋዝ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል ይፈነዳል፣ የከሰል ብናኝም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ገላጣ ላይ ለሚቆፍር የተሸጠ ተራ ሞተር ዋሻ ውስጥ መግባት የለበትም። ወርክሾፑ ስለ ድንጋዩ እንደሚጠይቀው ሁሉ «መሬት ውስጥ ነው ገላጣ ላይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሰው ያድናል።

ከጅማ መስመር የምትመጡ በአየር ጤና አድርጋችሁ በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ብትወጡ ከተማ መሃል አትገቡም። ያለቁትን ቢቶች አትጣሉ፣ ሰውነቱን ለመለሰ ሰው የሚያስከፍሉት የካርባይዱንና የብየዳውን ብቻ ነው። ትእዛዝ ስትሰጡ አሮጌውን ቢት ከነሮዱ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምትፈልጉትን ስፋትና የኮባልቱን መጠን በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ካርባይድ በተተከለ ቁጥር የቢቱ አንገት ላይ አንድ ነጥብ በፖንሶ ይመታሉ። ሦስት ነጥብ ያለበትን አይቀበሉም፤ ማረፊያው በተደጋጋሚ ስለተሞረደ ሰፍቷል፣ ብረቱም በእሳት ብዛት ለስልሷል። አሮጌ ቢት ከሌላ ሰው የምትገዙ ከሆነ አንገቱን ጠርጋችሁ ነጥቦቹን ቁጠሩ።