ለሎጎ ሐይቅ የማይሰምጥ ጀልባ፦ ላሜራ፣ በርሜል ወይስ ፋይበር?

ወሎ ባለው ሎጎ ሐይቅ ላይ ለዓሣም ይሁን ጎብኚ ለማንሸራሸር ጀልባ ልትገዙ ወይ ልታሠሩ ካሰባችሁ ኮምቦልቻ ያለው በያጅ ሁሉ "አብሽር፣ አይሰምጥም" ነው የሚላችሁ። ውሃ ሳይገባበትማ የትኛውም አይሰምጥም፣ መጠየቅ ያለበት ተበስቶ ወይ ማዕበል ገብቶበት ውሃ ከሞላ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው፣ ሐይቁ እኮ ወደ 80 ሜትር ይጠልቃል።

ላሜራ ርካሽ ነው፣ ቢሰነጠቅም እዚሁ ይበየዳል። ግን ብረት ከውሃ ወደ 8 እጥፍ ይከብዳል፣ ከሞላ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። አንዳንዶቹ በጎንና በጎን ዝግ ሳጥን ይበይዱበታል፣ ከምንም ይሻላል ግን ብየዳው ከውስጥ ሲዝግ አታዩትም፣ ሳጥኑን የያዘው አየር ብቻ ስለሆነ ቀዳዳ ካገኘ አበቃ። ታይታኒክም 16 ክፍል ነበራት፣ የፊተኞቹ 4ቱ ቢሞሉ እንኳን ትንሳፈፍ ነበር፣ በ1912 እ.ኤ.አ. የበረዶ ግግሩ ከዛ በላይ ከፈተባትና ግድግዳዎቹም እስከ ላይ ስላልደረሱ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሰመጠች።

በርሜል ላይ ጣውላ የተመታበት ደግሞ አያምርም ግን አትናቁት። ባለ 200 ሊትሩ የራሱ ክብደት ሲቀነስ ወደ 180 ኪሎ ይሸከማል፣ እሱም ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ ግማሹን ብቻ አስቡ። 8 በርሜል ካለው አንዱ ቢበሳ 7ቱ ይይዙታል። ፕላስቲኩን በርሜል ምረጡ አይዝግም። ችግሩ ቀርፋፋ ነው፣ ንፋስ ከተነሳ መቅዘፍ አይቻልም።

በአየር የሚነፋው ጎማ ጀልባ? የግራር እሾህ ባለበት ዳር እኔ አልገዛም።

ፋይበር (ፋይበርግላስ) ሆኖ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ፎም የተሞላው ዋጋው ያማል ግን የማይሰምጥ የሚባለው እሱ ነው። ቦስተን ዌለር የሚባለው የአሜሪካ ጀልባ ድርጅት መሥራች በ1961 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ለሁለት በመጋዝ አስቆርጦ በግማሹ ሞተር አስነስቶ ሄዷል፣ ፎሙ የያዘውን ቦታ ውሃ ሊወስደው ስለማይችል ነው። ትልቅ መርከብ ለምን እንዲህ አይሠራም ካላችሁ፣ ሆዱን ፎም ከሞላው ዕቃ የት ይጫናል?

ላሜራውን ገዝታችሁ ፎም ራሳችሁ ልትጨምሩ ከሆነ የፍራሽ ስፖንጅ እንዳትጠቀሙ ውሃ ይጠጣል፣ የቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ደግሞ የሞተሩ ቤንዚን ከተንጠባጠበበት ይሟሟል። ቀዳዳው ዝግ የሆነ፣ ውሃ የማይመጥ ፖሊዩሬታን የሚባለውን ፎም ፈልጉ፣ አንድ ሜትር ኩብ ከ900 ኪሎ በላይ ያነሳል። ከወለሉ ስር ብቻ ከሆነ ውሃ ሲሞላ ይገለበጣል፣ ወደ ጎንና ከፍ አድርጋችሁ፣ ሞተሩ ባለበት በኩል ጨምር አድርጋችሁ እሰሩት። አለመስመጥ ሌላ አለመገልበጥ ሌላ ስለሆነ ላይፍ ጃኬት በየትኛውም ላይ አይቀርም።

የእኔ ምርጫ ብር ላለው ፋይበሩ፣ ለሌለው ፕላስቲክ በርሜሉ፣ ላሜራው ፎም ካልገባበት በነፃም ቢሰጡኝ አልፈልግም። የቱንም ብትገዙ ቀሪውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ዳር ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ አፉ ድረስ ሙሉልኝና ሰው ውስጡ ይቀመጥበት በሉት፣ እምቢ ካለ ቀብዳችሁን ተቀብላችሁ ወደ ቀጣዩ ሂዱ።