ቀጨኔ ያሠራሁት የቦንሳይ ሰሃን

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ቤተሰብ ከመጠየቅ ሌላ አንድ ነገር በልቤ ይዤ ነበር የሄድኩት። የሀገሬን ዛፍ በሀገሬ ሸክላ ላይ ቦንሳይ ማድረግ። እግረ መንገዴን ብዙ ሰው ጋ ገብቼ ወጣሁ። ያገኘሁትን አገልግሎት፣ ደጉንም ክፉውንም፣ እንደ ወረደ እነግራችኋለሁ።

ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዘር አይደለም። ማንኛውም ዛፍ ነው። ቅርንጫፉም ሥሩም በየጊዜው እየተከረከመ፣ ጠለቅ በማይል ሰሃን ውስጥ ትንሽ እንደሆነ ያረጃል። እኔን ይህ ነገር የያዘኝ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ከሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች መካከል አንድ ጥድ እዚያ አለ። ከ1625 ጀምሮ ሲኮተኮት የኖረ፣ የሂሮሺማን ቦምብ ያለፈ ጥድ ነው። ፊቱ ቆሜ ያሰብኩት የአያቴን ደጅ ወይራ ነበር። ቨርጂኒያ፣ ሰፈሬ ካለ የቦንሳይ ክለብ ጋር በወር አንድ ቅዳሜ መገናኘት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ።

መጀመሪያ ችግኝ። ዋና መንገድ ዳር ያለ ትልቅ መሸጫ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ወይራ ሸጡልኝ። ወይራነቱስ ወይራ ነው። ቤት ወስጄ ፕላስቲኩን ስቀደው ግን ሥሩ እንደ ጥምጥም ዙሪያውን ተጠቅልሏል። ዋናው ሥር ግንዱን አንቆ ይዞታል። ይዤ ስመለስ «አንዴ ከወጣ አንቀይርም» አሉኝ። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። ችግኝ የሚሸጥ ሰው ሥር ካላየ ምን ያያል? ከመክፈላችሁ በፊት የፕላስቲኩን ግርጌ በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ተዉት።

ሁለተኛው ቦታ ግን ካሰኝ። ወንዝ ዳር፣ በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ስምንት ወጣቶች ናቸው። ችብሃ አላችሁ ወይ አልኳቸው። ችብሃ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ መከርከምን በደንብ ይችላል። አንዱ ልጅ ሦስት አውጥቶ ደረደረና አፈሩን በጣቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሥራቸውን አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ይውሰዱ፤ ሥሩ በአራቱም በኩል ተዘርግቷል» አለኝ። ሳልጠይቀው። የቦንሳይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ግንዱ ቢወፍር እንዴት ጥሩ ነበር ስለው ሳቀ። የወሎ ልጅ ነው። አባቱ ችብሃን ለከብት መኖ የሚተክሉት ከችግኝ ሳይሆን ከቅርንጫፍ ነው። ክንድ የሚያህል ይቆርጡና ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ያቆዩታል፤ ከዚያ መሬት ውስጥ ይተክሉታል። ሥር ያወጣል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድን ግንድ ለማወፈር ስንት ዓመት እንደምጠብቅ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ አየሁት። እዚያው አንድ ቁራጭ ተከሉልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠሩኝ። እንደ ክለባችን፣ ልጁ የመረጠልኝን ችብሃ መሃል አደረግንና ዙሪያውን ተቀመጥን። የትኛው ፊቱ እንደሆነ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀር ተከራከርን። አንዲት ልጅ «ይሄ ማቀጨጭ አይሆንም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ አለኝ። የተራበ ዛፍ አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ ቦንሳይ ግን ውሃውም ምግቡም ሳይጓደልበት መቀስ ብቻ ነው የሚገድበው አልኳት። መቀሱን ተቀበለችኝና የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እሷ ቆረጠች።

ሰሃኑን ያሠራሁት ቀጨኔ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ በየደጁ ተደርድሯል። አንዲት እናት ጋ ተቀምጬ በወረቀት የሳልኩትን አሳየኋቸው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ስፋት፣ 6 ጥልቀት፣ አራት እግር፣ ከታች ሁለት ቀዳዳ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ የሚያፈስ ዕቃ ሠርቼ ሰው ምን ይለኛል?»

ውሃ ከታች ከተኛ ሥሩ ይበሰብሳል አልኳቸው። «ታዲያ ማጣሪያ ነው በለኛ!» አሉና ጭቃውን አነሱ።

አራት ማዕዘኑን ግን አልተቀበሉኝም። ማዕዘን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንቁላል መሳይ ላድርግልህ አሉኝ። ልክ ነበሩ። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ነው የሚያወጡት። አውራ ጣታቸው ከውስጥ፣ አራቱ ጣቶች ከውጭ፣ ራሳቸው ዙሪያውን እየዞሩ። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ አለሰለሱት። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ሲወጉ ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ደህና ዕቃ ማበላሸት መስሏቸው።

ሦስት አዘዝኩ። በሳምንቱ ስመለስ አንዱ እሳት ላይ ተሰንጥቆ ስለነበር ሳልጠይቅ ሌላ ሠርተው ጠበቁኝ። ተጨማሪ ልክፈል ስላቸው «እሳቱ ነው የሰበረው፣ አንተ ምን አጠፋህ» ብለው እጄን መለሱት። ጎኑ ላይ እሳቱ የተወው ጥቁር ጥላ አለ፤ በቀለም አይመጣም። ሸክላው ውሃ ስለሚጠጣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በበጋ በየቀኑ ማጠጣት ግድ ነው። በቨርጂኒያ ክረምት ደጅ ቢያድር በውስጡ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ያፈርሰዋል።

ለአፈሩ አልተቸገርኩም። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ለቦንሳይ አፈርነት ቨርጂኒያ በከረጢት እየተለካ ነው የምገዛው። እናቴ ሰፈር አንድ ግንባታ ደጃፍ ተራራ አክሎ ተከምሯል። ፎርማኑን ጠየቅኩት፤ አንድ ባልዲ በነጻ ሰጠኝ። ነፍቼ ደቃቁን ጣልኩ። ለቅርንጫፍ ቅርጽ ማስያዣ ሽቦ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነጠላ ክር ያለው የመዳብ ገመድ ገዝቼ ላስቲኩን ላጥኩት። እናቴ ቡና አፍልታ ስትጨርስ በተረፈው ከሰል ላይ አጋልኩት። እሳት ያየ መዳብ ይለሰልሳል፤ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ትግል ይጠመጠማል። ባለሱቁ እጥፍ ዋጋ ጠርቶብኝ ነበር፤ ክርክር ውስጥ ካልገባችሁ እዚያ አትሂዱ።

ግማሽ ቀን ደግሞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ዋልኩ። 705 ሄክታር ነው፣ ጫማ ምረጡ። ጥዱና ወይራው በነፋስና በዕድሜ ቅርንጫፉን ወዴት እንደሚጥል ለማየት ነው የሄድኩት። ቦንሳይ የሚኮርጀው ይህንን ነው። ሣሉት፣ ፎቶ አንሡት፣ ከጫካ ግን አትንቀሉ።

አፈር ይዞ አሜሪካ መግባት ስለማይፈቀድ ዛፉ እናቴ በረንዳ ላይ ቀረ። አንዱን ባዶ ሰሃን በጋቢ ጠቅልዬ አመጣሁት። ክለባችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ገልብጠው ግርጌውን ነው ያዩት፤ የቀጨኔዋ እትዬ የጣት አሻራ ቀዳዳው ዳር ላይ ቀርቷል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ዝናቡ ዛፉን አፍጥኖት ሽቦው ቅርፊቱን መንከስ ጀምሯል። እንዳትተረትረው፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ በፒንሳ እየቆራረጥክ አንሣው አልኩት። በማግስቱ የተቆራረጠውን ሽቦ በቡና ስኒ ሞልቶ አሳየኝ።