ጅማ ያላችሁ ኪቦርድ ተጫዋቾች፣ «ሰባት ሞድ» ተብሎ የሚሸጠውን ፍላሽ ተጠንቀቁ

ስሙን የማልጠራው አንድ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ያገለገሉ ኪቦርዶችን «የሩብ ድምፅ ሰባት ሞድ» ከተጫነበት ፍላሽ ጋር እየሸጠ ነው። ሩብ ድምፅ ማለት በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ግማሽ ርቀት ነው፤ ሞድ ደግሞ ዜማው የሚሄድበት የድምፆች አደራደር ነው። የፍላሹ ዋጋ በሞድ ነው። አንድ ከፈለጋችሁ የአንድ፣ ሰባቱን ከፈለጋችሁ የሰባት ትከፍላላችሁ። ገዢዎቹ በአብዛኛው ነሺዳ የሚሠሩና ሰርግ ላይ የአረብ ዜማ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ላባቸውን ጠብ አድርገው ያገኙት ብር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንዱ ልጅ ዕቃውን ይዞልኝ መጣና አብረን ፈተሽነው። «ሞድ 3» የሚለውን ከፈትን። ስልኬ ላይ ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አበራሁ። ዶን ሲነካው 50 ሴንት ዝቅ ብሏል (ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው)። ሚም 50፣ ሶልም 50። ኪቦርዱ እንዳለ ወረደ እንጂ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ንቅንቅ አላለም። ከዶ እስከ ሚ ያው 400 ሴንት፣ ያው ሜጀር ነው። ይህን እኮ አብዛኛው ኪቦርድ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ በሚያወጣውና በሚያወርደው ማስተር ቱኒንግ በነጻ ያደርገዋል።

ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ 1200 ሴንት ነው። ተራው ኪቦርድ መቶ መቶ አድርጎ ለ12 ይከፍለዋል። የሩብ ድምፅ ስኬል ለመሥራት አንዱ መንገድ ዶ፣ ሬ፣ ፋና ሶልን ባሉበት ትቶ ሚ፣ ላና ሲን ብቻ 50 ሴንት ማውረድ ነው። ያኔ ርቀቶቹ 200፣ 150፣ 150፣ 200፣ 150፣ 200፣ 150 ይሆናሉ። ሰባቱም ሞዶች እዚሁ ውስጥ አሉ! ከዶ ስትነሱ አንድ ሞድ፣ ከሬ ስትነሱ ሌላ፣ እያለ እስከ ሲ ይሄዳል። ማስተካከያው አንድ ነው፣ የሚለወጠው መነሻው ብቻ ነው። ታዲያ ሰባት ጊዜ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ኮርዱም ላይ ጉድ አለ። በዚህ ስኬል ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አንድ ላይ ስትይዙ ከዶ እስከ ሚ 350፣ ከሚ እስከ ሶልም 350 ይመጣል። ሜጀርም ማይነርም አይደለም፤ እኔ በጣም የምወደው ድምፅ ነው። ከሚ፣ ከፋ፣ ከሶልና ከላ ስትነሱም ያው ነው። ሬና ሲ ላይ ግን አምስተኛው ድምፅ በ700 ፈንታ 650 ላይ ስለሚወድቅ ኮርዱ ይጠባል። አውቶማቲክ አጃቢው ይህን ካልተከተለ ቀኝ እጃችሁ 350 ሲል እሱ 400 ይላል። መሃል ኦክታቭ ላይ ሁለቱ ሚዎች ተጋጭተው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣሉ። በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ጆሮ ይበጣል።

ሻጩ «ለትዝታና ለአምባሰልም ይሆናል» ይላል። የኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፣ ክራርም የሚቃኘው በጆሮ ነው። ከዚህ ፍላሽ ጋር አያገናኛቸውም።

ሱቅ ስትገቡ «ስኬል ቱኒንግ» የሚል፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው የሚያስተካክል ሜኑ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሚን ብቻ 50 አውርዱና ዶን በቱነር እዩት። ዶ አብሮ ከወረደ ጥላችሁ ውጡ። ፒች ቤንዱን እየጠመዘዘ ካሳያችሁም አትመኑት፣ እሱ የያዛችሁትን ድምፅ ሁሉ አብሮ ነው የሚያጥፈው። ከዚያ አጃቢውን አብርታችሁ ኮርድ ያዙና እሱም አብሮ መስተካከሉን ስሙ። ኪቦርዱን አጥፍታችሁ አብሩትና ያስተካከላችሁት መቀመጡን እዩ። ደረሰኙ ላይም «ስኬል ቱኒንግ አለው» ብለው ይጻፉላችሁ። ያ ልጅ ሊመልስ ሲሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ነው የሸኙት።