የላ ጋርዲያና የዋግነር ቤተ መዛግብት፦ የኒው ዮርክ ከንቲባዎችን ፎቶ ለሚፈልግ

የኒው ዮርክን ከንቲባዎች ፎቶ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ነው። የአንድን ከንቲባ የፖለቲካ ሕይወት ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ማየት ለፈለገ ግን የተሻለው መነሻ ኩዊንስ ውስጥ ሎንግ አይላንድ ሲቲ፣ በላ ጋርዲያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለው የላ ጋርዲያና ዋግነር ቤተ መዛግብት ነው። በ1982 የተመሠረተ ሲሆን (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጋርዲያ ባለቤት ማሪ ላ ጋርዲያ የባላቸውን የግል ወረቀቶች የሰጡት ለዚህ ተቋም ነው። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ከንቲባዎች፣ የሮበርት ዋግነር፣ የኤብርሃም ቢምና የኤድዋርድ ኮች ስብስቦች ታክለውበታል። በድረ ገጹ ላይ ፎቶ መፈለግና ማየት በነጻ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ስብስቡ በሥልጣን ዘመን አለመወሰኑ ነው። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ከንቲባው ቃለ መሐላ ሲፈጽም ይጀምርና ቢሮውን ሲለቅ ያበቃል። ላ ጋርዲያ ግን ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት በኤሊስ ደሴት የስደተኞች አስተርጓሚ ነበሩ፤ የምክር ቤት አባል ሆነው ሳለ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ፎጃ ላይ ከአሜሪካ አብራሪዎች ጋር ዘምተዋል። ከጥር 1934 እስከ 1945 መጨረሻ ከተማዋን አስተዳደሩ። በ1946 ደግሞ በጦርነት የተጎዱ አገሮችን ይረዳ የነበረውን አንራ የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት መሩ። አንድ ፖለቲከኛ ፊቱን፣ አቋቋሙን፣ አጠገቡ የሚያቆማቸውን ሰዎች በ30 ዓመት ውስጥ እንዴት እንደለወጠ ማየት የሚቻለው እንዲህ ያለ የግል ስብስብ ሲገኝ ነው።

ፎቶዎቹን ሲያዩ ግን ላ ጋርዲያ ካሜራን አሳምረው የሚያውቁ ሰው እንደነበሩ አይዘንጋ። በ1934 የቁማር ማሽኖችን በትልቅ መዶሻ ሲሰባብሩ የተነሱት ፎቶ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይታተማል። መዶሻው ከፍ ብሏል፣ ማሽኖቹ ከፊታቸው ተከምረዋል፣ ፎቶ አንሺውም በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ለፎቶ ተብሎ የተዘጋጀ ትዕይንት መሆኑ ያስታውቃል። ሐምሌ 1945 የጋዜጣ አከፋፋዮች ሥራ ባቆሙ ጊዜ በደብልዩ ኤን ዋይ ሲ ሬዲዮ ለልጆች የጋዜጣውን የካርቱን ታሪክ ያነበቡበትም እንዲሁ ነው፤ ስርጭቱ ለጆሮ ሲሆን ካሜራ ግን አልቀረም። በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ዝነኛ ፎቶዎች ይልቅ የሚያስተምሩት አጠገባቸው የተመዘገቡት ናቸው። ስለዚህ አንድ ፎቶ ስታገኙ የመለያ ቁጥሩን ያዙና ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ክፈቱ። ያው ዝግጅት ከሌላ አቅጣጫ፣ ወይም ሰዎቹ ገና ሳይደረደሩ የተነሳው ሊገኝ የሚችለው እዚያ ነው።

ደካማው ጎን ፍለጋው ነው። መሣሪያው የሚያየው ምስሉን ሳይሆን መዝጋቢው የጻፈውን መግለጫ ስለሆነ፣ በመግለጫው ውስጥ የሌለ ስም ፎቶው ላይ በግልጽ ቢታይም አይመጣም። ላ ጋርዲያ በእንግሊዝኛ ተለያይቶም ተጋጥሞም ይጻፋል፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ በሌላው የተመዘገበውን ያጣል። ስሙን ብቻውን ቢጽፉት ደግሞ በ1939 የተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ትምህርት ቤቱና ኮሌጁ ራሱ ተግተልትለው ይመጣሉ፤ ዓመት ወይም ቦታ ጨምሩበት።

ዋግነር ላይ ችግሩ ይብሳል። ሮበርት ዋግነር የሚባሉ ሦስት ትውልዶች አሉ፦ የ1935ቱን የሠራተኛ ሕግ ያወጡት ሴናተር አባት፣ ከ1954 እስከ 1965 ከንቲባ የነበሩት ልጅ፣ በኮች ዘመን ምክትል ከንቲባ የሆኑት የልጅ ልጅ። የ1930ዎቹ ፎቶ ላይ ሴናተሩን አይቶ ከንቲባው ነው ብሎ ማተም ቀላል ስሕተት ነው። ቀኑ ከሌለ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሳታዩ ስም አትስጡ።

ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ስብስብ የሚቀርበው የዋግነር ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ከፎቅ ወረቀት እየተበተነላቸው ያለፉት ሁለት ጊዜ ነው፦ ሰኔ 1 ቀን 1954 እና ጥቅምት 4 ቀን 1963። ሁለቱም በዋግነር የከንቲባነት ዘመን ነው። እዚህ ላይ የቀን አቆጣጠሩ ያሳስታል። የመጀመሪያው በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1946፣ ሁለተኛው መስከረም 23 ቀን 1956 ነው። ከአማርኛ ምንጭ ያነበቡትን 1946 ፍለጋው ላይ እንዳለ የጻፉ ሰዎች የሚያገኙት የአንራ ዋና ዳይሬክተር የነበሩትን ላ ጋርዲያን ነው፤ ዋግነር ገና ከንቲባ አልሆኑም። የንጉሠ ነገሥቱንም ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። «ሥላሴ» በእንግሊዝኛ በአንድ ኤልም በሁለት ኤልም ይጻፋል። ስሙ አልመጣ ካለ «ኤምፐረር» እና «ኢትዮጵያ» የሚሉትን ሞክሩ፤ ያም ካልሠራ ቀኑን ብቻ ይዛችሁ የዚያን ሳምንት የከንቲባውን ፎቶዎች አንድ በአንድ እዩ። ለቤተ መዛግብቱ ሠራተኞች ስትጽፉም «የጃንሆይ ፎቶ አለ ወይ?» ከማለት ሁለቱን ቀኖች፣ የሰልፉን መንገድና የማዘጋጃ ቤቱን አቀባበል ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ ሳጥንና ማህደር የሚፈለገው በዚያ ነው።

የ1935ቱ፣ የጣሊያን ወረራ ዘመን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረች ከሁለት ወር በኋላ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለጣሊያን ቀይ መስቀል ገንዘብ በተሰበሰበበት ታላቅ ስብሰባ ላይ ላ ጋርዲያ ተገኝተዋል። በኋላ ሂትለርን በአደባባይ በማውገዝ የታወቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የሃርለም ጥቁር ነዋሪዎች ደግሞ ጦርነቱን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ይከታተሉ ነበር። መጋቢት 1935 በሃርለም ሁከት ከተነሳ በኋላ ከንቲባው ያቋቋሙት ኮሚሽን ሪፖርቱን ሲያቀርብላቸው ለሕዝብ አላወጡትም፤ ያተመው የሃርለሙ የጥቁሮች ጋዜጣ አምስተርዳም ኒውስ ነው። በባለቤታቸው በማሪ ስጦታ የጀመረ ስብስብ ቤተሰቡ ሊያስቀምጠው ወደወደደው ማጋደሉ ስለማይቀር፣ የዚህን ዓመት ታሪክ በዚህ ስብስብ ፎቶ ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለንም። የቢሮ ደብዳቤዎቹ ማንሃተን፣ 31 ቼምበርስ ስትሪት ባለው የከተማዋ ቤተ መዛግብት አሉ፤ የጥቁሮቹን ወገን ለማየት አምስተርዳም ኒውስን አብሮ ማገላበጥ ግድ ነው።

አሁን ወደ ቅጂው። ድረ ገጹ ላይ ያለው ምስል ለማየት እንጂ ለኅትመት የተዘጋጀ አይደለም። 800 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በመጽሔት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ስፋቱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ፊት ይደበዝዛል። ለተለመደው 8 በ10 ኢንች ቢያንስ 2400 በ3000 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ትልቁን ስካን በመለያ ቁጥሩ ጠይቁ። የኅትመቱን ቀን፣ የምስሉን መጠንና ለሽያጭ ይሁን በነጻ የሚሰጥ መሆኑን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አስፍሩ፤ ይህ ሲጎድል ነው ደብዳቤ የሚመላለሰው። የጋዜጣ ፎቶ ከሆነ የጀርባውም ስካን ይላክላችሁ። የፎቶ ድርጅቱ ማኅተም፣ ቀኑና የተለጠፈው መግለጫ ያሉት እዚያ ነው። ፊት ለፊት ላይ የሚታዩት የቀለም እርሳስ መስመሮች አዘጋጁ ፎቶውን የት እንደቆረጠው ያሳያሉ፤ «አስጸዱልን» አትበሉ፣ እነሱም ማስረጃ ናቸው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት የቅጂ መብት ላይ ነው። ቤተ መዛግብቱ ወረቀቱን ስለያዘ መብቱን ይዟል ማለት አይደለም፤ የዜና ድርጅት ፎቶ ባለመብቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከ1964 በፊት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ፎቶ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ ነጻ ሆኗል፤ ከታደሰ ግን ከታተመ ጀምሮ እስከ 95 ዓመት ይጠበቃል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ያነሳው ነጻ መሆኑን ሰምተው የከተማ ማዘጋጃ ቤትንም እንደዚያ የሚያዩ አሉ፤ ሕጉ የከተማን አይጨምርም።

ቸኩላችሁ ከሆነና የላ ጋርዲያ ፎቶ ብቻ ከበቃችሁ፣ ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኒው ዮርክ ወርልድ ቴሌግራም ጋዜጣን የፎቶ ስብስብ ይዟል። የጋዜጣው ቅጥር ፎቶ አንሺዎች ያነሱት መብቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ስለተሰጠ ለማተም አያስቸግርም፤ ትልልቅ ፋይሎችንም ከድረ ገጹ በቀጥታ ማውረድ ይቻላል። ፎቶ አንሺው የጋዜጣው ቅጥር መሆኑን ግን መዝገቡ ላይ አረጋግጡ፤ በዚያው ስብስብ ውስጥ የዜና ድርጅቶች ፎቶም ተቀላቅሎ አለ።

ሎንግ አይላንድ ሲቲ በአካል መሄድ የሚያስፈልገው በድረ ገጹ ላይ ያልወጣ ማህደር ለማየት ነው። 7 ቁጥር ባቡር 33ኛ ጎዳና ሮውሰን ጣቢያ ያወርዳል፤ ኮሌጁ ቶምሰን አቬኑ ላይ ነው። ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የምትፈልጓቸውንም ማህደሮች ስም ከነቁጥራቸው ላኩ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያዙ፤ ፎቶውን በጠርዙ ያዙት፤ ጀርባውን ሳትመዘግቡም ወደ ማህደሩ አትመልሱት።