ሣጥኗ ጥሩ፣ ካርዷ ጉድ፦ የድሮ የህንድ ዘፈን ስፒከር ከወራት በኋላ

ከበሮውን ነው መጀመሪያ የማነሳው፤ የድሮ የህንድ ዘፈን በሜሞሪ ካርድ ይዛ በምትሸጠው በዚህች ትንሽ ስፒከር ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁሉ እሱ ጋ ነውና። አብሯት በተሸጠው ካርድ ላይ ካሉት «የድሮ ምርጥ የህንድ ዘፈኖች» ብዙዎቹ ገና ሲጀምሩ «ዱም ታክ፣ ዱም ታክ» የሚል የማሽን ከበሮ ይቀድማቸዋል። ዘፈኖቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦምቤይ ውስጥ በሙሉ ኦርኬስትራ የተቀዱ ናቸው። ያኔ እንዲህ ያለ ከበሮ ከየት መጣ?

አልነበረማ። ህንዶቹ «ጃንካር ቢትስ» ይሉታል። በካሴት ዘመን የድሮውን ቅጂ ወስደው፣ ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጭነውበት፣ ኢኮ ጨምረውበት እንደ አዲስ ይሸጡት ነበር። ችግሩ ከበሮው መጨመሩ ብቻ አይደለም። የማሽን ምት አይተነፍስም፤ ታብላና ዶላክ የሚባሉትን የህንድ ከበሮዎች የሚመታ ሰው ግን ወደ አዝማቹ ሲገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ዘፋኟ ቃል ስትጎትት ይጠብቃታል። ሁለቱ ሲደረቡ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ መፋጨት ይጀምራሉ። በኪቦርድ ብቻ የተሠሩትን የእኛን የ1990ዎቹ ካሴቶች የሚያውቅ ጆሮ ነገሩን ወዲያው ይለየዋል።

ሻጩ ምን እንደሚል ይታወቃል፦ «ወንድሜ፣ የድሮውማ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ይሄ ቤዝ አለው፣ ስቴሪዮ ነው።» ቤዝ ብፈልግ ሌላ ዘፈን እገዛ ነበር! ናያ ዳውር የተባለውን ፊልም (1957) የጋሪ ዘፈን ውሰዱ፤ ራፊና አሻ ቦስሌ ናቸው የሚዘፍኑት። አቀናባሪው ኦ. ፒ. ናያር ዜማውን ያስቀመጠው በፈረስ ኮቴ ምት ላይ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቅጂ ላይ ኮቴው የለም፤ ከበሮው ውጦታል። ፈረሱ ከሞተ ጋሪው ምን ይሠራል?

ናጊንም (1954) ከዚህ አልዳነም። ያ እባብ የሚያስጨፍረው ዋሽንት በእውነተኛ ዋሽንት የተነፋ አይደለም። ያኔ ገና የፊልሙ አቀናባሪ የሄማንት ኩማር ረዳት የነበረው ካልያንጂ ክላቪዮሊን በሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው ያወጣው። ድምፁ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ የዘፈኑ ውበት ያለው መንቀጥቀጡ ላይ ነው። ኢኮ ሲጨመርበት መንቀጥቀጡ ተድበስብሶ ይጠፋል። የዶስቲ (1964) አርሞኒካም እንደዚያው ሆኗል፤ እሱን የነፋው በኋላ ራሱ ታላቅ አቀናባሪ የሆነው አር. ዲ. በርማን ነው።

ሁለተኛው ጉድ «ስቴሪዮ» የተባለው ነው። የዚያ ዘመን ዘፈኖች ሞኖ ናቸው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ካርዱን የጫነው ሰው ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ድምፁን ለማስፋት የአንዱን ወገን ሞገድ ገልብጦታል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ሰፊ ይመስላል። ይህቺ ሣጥን ግን ፊቷ ላይ ሁለት ስፒከር ቢታይም ግራና ቀኙን ደባልቃ ነው የምታወጣው፤ የተገለበጡት ሞገዶች ሲገናኙ አብዛኛው ድምፅ ይጠፋል። ዘፋኟ ላታ ከጉድጓድ ውስጥ የምትዘፍን የሚመስለው ለዚህ ነው። ስፒከሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጠጋኝ እንዳትወስዱት።

ኮምፒውተር ያለው ሰው እንዲህ ይፈትሽ። ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱ፣ ስቴሪዮውን ለሁለት ሞኖ ክፈሉት፣ አንደኛውን ብቻ መርጣችሁ ኢንቨርት አድርጉት (ሞገዱን ገልብጡት)፣ ከዚያ ሁለቱን አብራችሁ አጫውቱ። እውነተኛ ሞኖ ከሆነ ሁለቱ ተጠፋፍተው ዝም ይላል፤ ቢበዛ ከኤምፒ3 የተረፈ ትንሽ ፉጨት ይሰማል። ጃንካር ከሆነ ግን ዘፋኙ ይጠፋና በስቴሪዮ የተደረበው ከበሮ ብቻውን ይቀራል። ደረቅ ከበሮ፣ ዘፈን የሌለበት! ለሻጩ ማሰማት ያለባችሁ ይሄንን ነው።

ኮምፒውተር ለሌለው ርዝመቱም ይናገራል። ዘፈኖቹ ያኔ የወጡበት፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው ሸክላ አንድ ገጹ ከሦስት ደቂቃ ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን ዘፈን አምስትና ስድስት ደቂቃ ከሆነ ምክንያት አለው። ከፊልሙ የተቀዳ ተጨማሪ ስንኝ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ይሄ እንዲያውም ሲሳይ ነው። አለዚያ ደግሞ መግቢያው ላይ ከበሮ የተለጠፈበት ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ መስማት ይበቃል።

ሌላ ሰው የዘፈናቸውም አሉበት። ዘፋኟ ጊታ ዳት በ1972 ነው ያረፈችው፤ በእሷ ስም የተቀመጠ ዘፈን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ዲጂታል ስቴሪዮ ከሆነ ዘፋኟ እሷ አይደለችም። ሙኬሽ በ1976፣ ራፊ በ1980 አልፈዋል፤ ለእነሱም ያው ነው። ናያር ደግሞ ከላታ ጋር አንድም የፊልም ዘፈን አልሠራም፤ ሁለቱን ስም አንድ ላይ የያዘ ፋይል ካያችሁ ቢያንስ ስሙ ውሸት ነው።

ስለ ስም ካነሳን፣ ፎልደሮቹ በዘፋኝ ነው የተከፈሉት። እኛ ግን የህንድን ዘፈን የለመድነው ከሲኒማ መጋረጃ ላይ ስለሆነ የምናስታውሰው ዘፋኙን ሳይሆን በእሱ ድምፅ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰውን ተዋናይ ነው። «የራጅ ካፑርን ዘፈን ክፈትልኝ» የሚሉ አባት ሙኬሽ የሚለው ፎልደር ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ለራጅ ካፑር ሙኬሽን ክፈቱ፤ የሽሪ 420 (1955) የጃንጥላው ዘፈን ግን ማና ዴይና ላታ ናቸው። ለሻሚ ካፑር ራፊ፣ ለራጄሽ ካና ከአራዳና (1969) ወዲህ በአብዛኛው ኪሾር ኩማር። የሾሌይን (1975) የሞተር ሳይክል ዘፈን የፈለገ ኪሾርም ማና ዴይም ውስጥ ይፈልግ፤ ዳርመንድራን ሆኖ የሚዘፍነው ኪሾር፣ አሚታብን ሆኖ ማና ዴይ ነው። ሳንጋም (1964) ላይ ለራጅ ካፑር ሙኬሽ፣ ለራጄንድራ ኩማር ራፊ።

እኔ ካርዱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። አዲስ የሚጭን ሰው 32 ጊጋ ካርድ ገዝቶ በፋት32 ፎርማት ያድርገው፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ኤክስፋት ሆነው ስለሚመጡ ሣጥኗ አታነባቸውም። በ128 (ኪሎቢት በሰከንድ) የተጨመቀ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ይወስዳል፣ በ320 የተጨመቀ ሁለት ሜጋ ተኩል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን አንድ ሜጋ ተኩል ብቻ ከሆነ አትልፉበት። 128ቱን ወደ 320 መቀየርም ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ድምፁን አይመልሰውም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይናደዳል። ሣጥኗ የምታጫውተው በፊደል ተራ ሳይሆን ፋይሎቹ በተገለበጡበት ተራ ነው። ስማቸውን 001፣ 002 እያላችሁ አስተካክሉና አዲስ ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ አንድ በአንድ በተራቸው ገልብጡ፤ ብዙ ከሆኑ ፋትሶርት የተባለው ፕሮግራም ያስተካክልላችኋል። ከማክ የምትገለብጡ ደግሞ በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምሩትን ድብቅ ፋይሎች አጥፉ፤ ሣጥኗ ዘፈን መስለዋት ትቆማለች።

የቀረው ደህና ነው። ሬዲዮው ይሠራል፣ ብሉቱዙ ይሠራል፣ ባትሪው በቀላሉ የሚቀየር፣ 18650 የሚባለው ዓይነት ነው። ቻርጅ አልቀበልም ካለች ከሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነውን ገመድ ትታችሁ በአንድ ጫፉ የድሮው ዩኤስቢ ያለውን ሞክሩ፤ ርካሽ ዕቃ ላይ የሲው መለያ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ አይገጠምም።

በንጹሕ ቅጂ ስትሞላ ለዋጋዋ ከጠበቅኩት በላይ ናት። ትንሿ ስፒከሯ መሐለኛውን ድምፅ ነው የምታጎላው፤ የሰው ድምፅም ያለው እዚያ ስለሆነ ለሙኬሽ ከትልልቁ ቤዝ ከበዛበት ስፒከር ትሻላለች። ልትገዙ ከሄዳችሁ የናያ ዳውርን የጋሪ ዘፈን ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ። ኮቴው ካልተሰማ ካርዱ ከነሣጥኗ በሚባለው ዋጋ ውስጥ አይቆጠርም፤ ሻጩም «አራት ሺህ ዘፈን» እያለ ቢምል ካርዱን አስቀርታችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።