መታወቂያው የት ይቀራል? የደሴና የኮምቦልቻ ውክልና ጸሐፊ ኮፒ ቤቶች ሲመዘኑ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ሰነድ በሚያረጋግጥበት አካባቢ (ሰው ዛሬም «ውልና ማስረጃ» ነው የሚለው) ኮምፒውተርና ኮፒ ማሽን ደርድረው ውልና ውክልና የሚጽፉ ቤቶች አይጠፉም። ለፍጥነታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ልጇ ጅዳ ያለች እናት የይዞታ ጉዳይ ይዛ ብትመጣ፣ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚያስፈልጋት ከመስኮቱ ሠራተኛ ቀድመው የሚነግሯት እነሱ ናቸው። የሕግ አጻጻፉንም ለምደውታል። የፈራሚን መረጃ በመጠበቅ ረገድ ግን ለአብዛኞቹ ከአሥር ሦስት መስጠት ለጋስነት ነው።

የቤት ሽያጭን እንውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል፤ አንቀጽ 1727 ደግሞ ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ሻጭ፣ ገዢ፣ ሁለት ምስክር፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው፤ የአምስት ሰው መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃና የቤቱ ካርታ በአንድ ማሽን ላይ ያልፋሉ ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ለወዳጁ ብሎ የመጣ ሰው ነው፤ ኮፒው የት እንደቀረ አይጠይቅም።

ከሁሉ የባሰው የድሮ ፋይል ነው። ጸሐፊው ከባዶ አይጀምርም፤ ያለፈውን ባለጉዳይ ውል ከፍቶ ስም እየቀየረ ይሄዳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስም ይቀየርና ወደ መጨረሻ ያለው የመታወቂያ ወይም የቤት ቁጥር የሌላ ሰው እንደሆነ ይቀራል። የዚያ ሰው መረጃ በእርስዎ እጅ ይገባል፣ የእርስዎም ሰነድ መስኮቱ ላይ ይመለሳል፤ ነገ ደግሞ የእርስዎ ቁጥር በሌላ ሰው ውል ላይ ይወጣል። ስም የሚገባበት ነጥብ ነጥብ ብቻ ያለው ባዶ ቅጽ ማዘጋጀት ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይወስድ ሥራ ነው፤ አለመሠራቱ ስንፍና ነው። እስከዚያው ሳይታተም በፊት ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱን ስም እስከ አያት፣ እያንዳንዱን ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ ያንብቡ።

«በቴሌግራም ላኩልኝ» ሲባል ደግሞ ቆም ይበሉ። ከውይይቱ ላይ ለሁለታችሁም ቢያጠፉት፣ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ የወረደው ቅጂ አይነካም፤ ዳውንሎድ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ነው የሚቆየው። በዲሊት ብቻ ከጠፋም ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሺፍትና ዲሊት አብረው ይጫኑ ይበሏቸው። ከሪያድ ወይም ከጅዳ የተላከ ፓስፖርት ከሆነ በሌላ ቦታ አሳትሞ ወረቀቱን ይዞ መምጣት ይሻላል። ፍላሽ መፍትሔ አይደለም፤ ፋይሉም ይቀዳል፣ ቫይረስም ይዘው ይመለሳሉ።

የተበላሸ ኮፒ ጀርባው የሒሳብ መደመሪያ ይሆናል፤ ሲብስም የቆሎ መጠቅለያ። ጥቁር ሆኖ የወጣውንም፣ ተጣሞ የወጣውንም ይቀበሉና ይቅደዱት። ዋናው መታወቂያ ማሽኑ መስታወት ላይ እንዳይቀርም ክዳኑን ራስዎ ያንሡ።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ በብዛት ይሳሳታሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ለዚህም ጸሐፊው «ሁሉም ይግባበት» ብሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን፣ የመሬት ይዞታን፣ የመኪና ሰሌዳን በአንድ ወረቀት ይከምራል። ተወካዩ ያንን ወረቀት በየቢሮው ሲያሳይና ኮፒ ሲሰጥ የሒሳብ ቁጥሩም አብሮ ይዞራል። የባንኩን ለብቻ፣ የመሬቱን ለብቻ ያስጽፉ። ክፍያው ይጨምራል፤ ቢሆንም ያዋጣል።

ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ለሌላ አካል የሚሰጠው ባለ 16 አሃዙ ፋን ነው፤ ባለ 12 አሃዙ ፊን ለራስ ይጠበቃል። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ለኮፒ ቤት ሠራተኛ ጮክ ብሎ መንገርማ በጭራሽ። ኮፒው ላይ «ለቤት ሽያጭ ውል ብቻ» ብለው ቀን ይጻፉበት፤ ፎቶውንና ቁጥሩን ግን አይንኩ፣ አለበለዚያ መስኮቱ ላይ አይቀበሉትም።

መዝገቡ ዘንድ ስንደርስ ነቀፋው ወደ መስኮቱ ይዞራል። ተዘርግቶ የሚፈረምበት ትልቅ መዝገብ ከእርስዎ በፊት የፈረሙትን ስም፣ ስልክና ፊርማ ያሳያል፤ ፊርማ ደግሞ ለአስመሳይ ናሙና ነው። መሸፈኛው ቀላል ነው፦ ሁለት ወፍራም ካርቶን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ መካከል ላይ አንድ መስመር ብቻ ክፍት ትቶ፤ ይኸው ነው። ተራ የኮፒ ወረቀት ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖታሪው (ፊርማ አረጋጋጩ) መዝገቡን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል፤ ቅጂ የጠየቀም ሰው የሚያገኘው የጠየቀውን መስመር ብቻ ነው። እኛ ዘንድም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ መያዝን አይፈቅድም። ስልክ ቁጥር በወረፋው ፊት ጮክ ብሎ ሲጠየቁ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ማቀበል ሕግ መጥቀስ ሳያስፈልግ የሚሠራ ነው።

ቤት ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ስንጨርስ ፋይሉን ፊቴ ታጠፉታላችሁ?» ለእርማት ብንፈልገውስ የሚል መልስ ከሰጡ፣ እርማቱ በታተመው ወረቀት ላይ ተይዞ እንደገና ሊጻፍ እንደሚችል ነግረዋቸው ወደሚቀጥለው በር ይለፉ።